ስዊቹ ቀላሉ ነው፦ የአገር ውስጥ ትራፊክን አገር ውስጥ ስለማስቀረት

ጥያቄ፦ «በአገራችን አምስት የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች አሉ። የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ ኢሜይል ሲልክ ትራፊኩ ውጭ አገር ደርሶ ነው የሚመለሰው። አሁን የጋራ የሆነ አገራዊ የኢንተርኔት መለዋወጫ ለማቋቋም እየተነጋገርን ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ‹ሕንፃውንም መሣሪያውንም እኔ አቀርባለሁ፣ ሁሉም እንዲገባም በመመሪያ አስገድዳለሁ› ይላል። ትልቁ ኩባንያ ደግሞ ‹እኔን ምን ይጠቅመኛል?› ብሎ ዳር ቆሟል። እኔ ከአነስተኞቹ በአንዱ የኔትወርክ መሐንዲስ ነኝ። ከየት እንጀምር? ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል? ትልቁ ካልገባስ ትርጉም አለው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። አዎ፣ ትልቁ ባይገባም ትርጉም አለው። እኔ ብሆን የእሱን መግባት ቅድመ ሁኔታ አላደርገውም። ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የሙያው ሰው ላልሆኑ አንባቢዎች ነገሩን ላስረዳ። የኢንተርኔት መለዋወጫ ማለት አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ስዊች፣ ማለትም ብዙ መስመሮች ተሰክተው እርስ በርስ የሚገናኙበት ሣጥን፣ ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ የራሱን ፋይበር እዚያ ድረስ ስቦ አንድ ፖርት ላይ ይሰካል። ከዚያ በቢጂፒ (መረቦች አድራሻቸውን እርስ በርስ በሚያሳውቁበት ቋንቋ) አማካይነት «እኔ ጋ ያሉት አድራሻዎች እነዚህ ናቸው» ብሎ ለሌሎቹ ያሳውቃል። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰዎች «አገራዊ መሠረተ ልማት» ሲባል ግዙፍ ነገር ይታያቸዋል። ሥራውን የሚሠራው ዕቃ ግን ከአንድ የፒዛ ካርቶን ብዙም አይበልጥም።

ይህ ስዊች ከሌለ ምን ይሆናል? እርስዎ የሚያውቁት ነገር ነው። አነስተኛው ኩባንያ ከትልቁ ጋር ቀጥተኛ መስመር የለውም። ሁለቱም ከውጭ አገር ድርጅት ኢንተርኔት ይገዛሉ። ስለዚህ ፓኬቱ (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ባሕር አቋርጦ ይሄድና እዚያ ማዶ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ሻጭ ተሻግሮ እንደገና ባሕር አቋርጦ ይመለሳል። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» የሚባለው ተረት ለፓኬት የተተረተ ይመስላል። ልዩነቱ እዚህ ዙረቱ ይከፈልበታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ላኪው ለመላክ ይከፍላል፣ ተቀባዩም ለመቀበል ይከፍላል።

የጊዜውን ሒሳብ እንሥራው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለቱ ሻጮች የሚገናኙበት ከተማ 7,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ጥያቄው ሄዶ መጣ፣ መልሱም ሄዶ መጣ። በድምሩ 28,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ብቻውን 140 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የራውተሮቹን (ፓኬቱን መንገድ የሚመሩትን መሣሪያዎች) ወረፋ ሳንቆጥር። አንድ የተመሰጠረ ድረ ገጽ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማሳየቱ በፊት ሦስት ወይም አራት ምልልስ ያደርጋል። በአራት ምልልስ ግማሽ ሰከንድ አለፈ ማለት ነው፣ ገና ምንም ሳይታይ። ያው ጥያቄ በከተማው ውስጥ ባለ ስዊች ቢያልፍ ምልልሱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሰከንድ ነው። ይህን የባንድዊድዝ ብዛት አይፈታውም። የፈለጉትን ያህል ጊጋቢት ቢገዙ ርቀቱ አይቀንስም።

የገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሥራ አስኪያጆች የማያውቁት ጓዳ አለው። የውጭ ትራንዚት፣ ማለትም ከውጭ ድርጅት የሚገዛው ኢንተርኔት፣ በብዛት የሚከፈለው በአማካይ ፍጆታ አይደለም። ሻጩ በየ5 ደቂቃው ይለካል። በ30 ቀን ውስጥ 8,640 ልኬቶች ይሰበሰባሉ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረደሩና የላይኛው 5 በመቶ፣ ማለትም 432 ልኬቶች፣ ይጣላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የወሩ ሒሳብ ማስከፈያ ይሆናል። 432 ልኬት 36 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየምሽቱ ለሁለት ለሦስት ሰዓት የሚታየው ጫፍ ነው የሚያስከፍልዎት። የአገር ውስጥ ትራፊክ ደግሞ ጫፍ የሚነካው ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲይዝ ነው፤ እዚያው ውድ ሰዓት ላይ። በመለዋወጫው የሚያልፈው ትራፊክ ከዚያ ጫፍ ላይ ይቀነስልዎታል። ለሥራ አስኪያጅዎ ይህን ግራፍ ያሳዩ። ስለ ብሔራዊ ኩራት የሚያወራ ሰነድ ካሳዩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ «ከየት እንጀምር» ልምጣ። በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ቴክኒካዊ ክፍል አንድ አምስተኛው ነው። ቀሪው ሰው ነው። የሚፎካከሩ ድርጅቶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መተማመን አለባቸው። ስለዚህ ከሕንፃና ከጨረታ አይጀምሩ። ከሦስት ፈቃደኛ መሐንዲሶችና ሁሉም ከሚቀበሉት አንድ ክፍል ይጀምሩ።

ዛሬ ትልልቅ የሆኑት እንዴት እንደተነሱ ይመልከቱ። የለንደኑ ሊንክስ እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመር አምስት አገልግሎት ሰጪዎች ብቻ ነበሩ፤ ልክ እንደ እናንተ ቁጥር። ያን ጊዜ ከአንድ የእንግሊዝ ድርጅት ወደ ሌላው የሚሄድ ትራፊክ አትላንቲክን ይሻገር ነበር። መነሻቸው ስምንት ፖርት ያላት፣ እያንዳንዱ ፖርት 10 ሜጋቢት የሆነች ስዊች ነበረች። የፍራንክፈርቱ ዲ-ሲክስ በ1995 የተወለደው በአንድ አሮጌ ፖስታ ቤት ጓሮ ክፍል ነው፤ መሥራቾቹም ሦስት ነበሩ። በ2020 በሰከንድ 10 ቴራቢት ተሻገረ። የትኛውም በሪባን ቆረጣ አልተጀመረም።

የጎረቤት ምሳሌ ከፈለጉ ኬንያ አለች። ታሪኳ ለእርስዎ ጥያቄ ልክ የተሰፋ ነው። በ2000 መጨረሻ ላይ የኬንያ አገልግሎት ሰጪዎች ማኅበር ናይሮቢ ላይ ኪክስፕ የተባለውን መለዋወጫ ከፈተ። የዓለም አቀፍ መስመር ብቸኛ መብት የነበረው ቴልኮም ኬንያ አቤት አለ። ተቆጣጣሪው በሳምንታት ውስጥ እንዲዘጋ አዘዘ። ማኅበሩ ተስፋ አልቆረጠም። የክርክሩ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ ይህ ዓለም አቀፍ አገልግሎት አይደለም፣ አባላት እርስ በርሳቸው ብቻ የሚገናኙበት ዝግ መረብ ነው። በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ተከፈተ።

ይህን ያነሳሁት ነገሩ በኬብል ሳይሆን በአንድ ቃል ትርጉም ምክንያት ለአንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ መክረሙን ለማሳየት ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ የቴሌኮም ሕግ የሚያውቅ ሰው ከሁለተኛው ስዊች በፊት ያስፈልግዎታል። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ መለዋወጫው የቴሌኮም አገልግሎት ሻጭ አይደለም፣ ስለዚህ የኦፕሬተር ፈቃድ አያስፈልገውም የሚል ጽሑፍ። ተቆጣጣሪው ሊሰጣችሁ ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ስጦታ ይህ ወረቀት ነው። ከሕንፃው ይበልጣል።

ስለ ሕንፃው ግልጽ ልሁን። አትቀበሉት። ቅር የሚላቸው ይኖራሉ፤ ግን ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት መሣሪያው በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ በተቀመጠ መለዋወጫ ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሌሊት የአንድ አባል ራውተር ሞተ። መሐንዲሱ ምትክ ካርድ በቦርሳው ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ጥበቃው የመግቢያ ደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤውን የሚፈርሙት ኃላፊ ሰኞ ነው የሚገቡት። ጥበቃው አልተሳሳተም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። መሐንዲሱ ካርዱን ይዞ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ያ ድርጅት «ለዋና ትራፊኬ እዚህ ላይ አልተማመንም» ብሎ ፖርቱን ለይስሙላ ብቻ አስቀረው። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ክፍሉ ለቢሮ ሰዓት የተሠራ ነበር፤ ኢንተርኔት ደግሞ ቢሮ ሰዓት የለውም።

ክፍሉን ሲመርጡ አራት ነገር ይጠይቁ። ማንኛውም ኩባንያ የራሱን ፋይበር ይዞ መግባት ይችላል ወይስ «በእኔ መስመር ካልሆነ» የሚል ባለቤት አለ? በሌሊት ያለ ደብዳቤ መግባት ይቻላል? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ነዳጅ አለው? (ጀነሬተር መኖሩና ነዳጅ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።) ከራክ (ከመሣሪያ መደርደሪያ) ወደ ራክ ኬብል ለማገናኘት በየወሩ ምን ያህል ያስከፍላሉ? የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ግን ፖርቱ በነፃ ተሰጥቶ የአንድ ሜትር ኬብል ኪራይ አባላትን ያባረረበት ቦታ አይቻለሁ። ለብዙዎች የሚሻለው ገለልተኛ የንግድ ዳታ ሴንተር ነው። እሱ ከሌለ ዩኒቨርሲቲ። በጭራሽ የማይሆነው የአንዱ ተፎካካሪ ሕንፃ ነው።

«በመመሪያ አስገድዳለሁ» ለሚለውም ያው ነው። ሕግ ሰውን ክፍሉ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። እንዲለዋወጥ ማድረግ ግን ይቸግረዋል። ሜክሲኮ ያን ሁሉ የሚያህል ገበያ ይዛ እስከ 2014 ድረስ መለዋወጫ አልነበራትም። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ትልቁ ኩባንያ በመለዋወጫዎች ላይ በአካል እንዲገኝ አዘዘ። መገኘትና ትራፊክ ማሳለፍ ግን ለየቅል ናቸው። አንድ ራውተር ሰክቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ለማንም አድራሻውን ሳያሳውቅ መቀመጥ ይቻላል። ሕጉ ተከበረ፣ ፓኬቱ አሁንም ውጭ አገር ደርሶ ይመለሳል።

ሌላም ችግር አለ። ሁሉም ትራፊክ በግድ በአንድ የመንግሥት ክፍል ይለፍ ሲባል ሰዎች የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። «ይሰልሉናል፣ ሲፈልጉም ይዘጉናል» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነት ሆነም አልሆነም አባል ያሸሻል። «አገራዊ» የሚለው ቃል ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ይሁን። ብቸኛ በር ማለት ሲሆን ያኔ ጣጣው ይጀምራል። ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች በመካከላቸው ቀጥታ ኬብል መዘርጋት ከፈለጉም ይዘርጉ። እሰየው ነው። መለዋወጫው ለሁሉም ግንኙነት ብቸኛው መንገድ መሆን የለበትም።

ታዲያ መንግሥት ምን ይሥራ? ደንበኛ ይሁን። የግብር ሥርዓቱን፣ የትምህርት መረቡን፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ድረ ገጾች በመለዋወጫው ላይ ያምጣ። አንድ የፈተና ውጤት ማሳወቂያ ገጽ በመለዋወጫው ላይ መኖሩ ከአሥር መመሪያ በላይ አባል ይስባል። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ያልተገናኘው ኩባንያ ስልኩ ሲጮህ ይውላል።

ይህ ወደ ትልቁ ኩባንያ ይወስደናል። «እኔን ምን ይጠቅመኛል?» ማለቱ ስንፍና አይደለም። ሒሳብ አለው። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ወይም ሁለቱ ዛሬ ደንበኞቹ ናችሁ፤ ከእሱ ኢንተርኔት ትገዛላችሁ። ነገ በስዊቹ ላይ በነፃ ከተለዋወጠ ያ ገቢ ይሸራረፋል። ይህን ፍርሃቱን እንደሌለ አድርጋችሁ ስብሰባ ከጠራችሁ አይመጣም። ቢመጣም የሚልከው መወሰን የማይችል ሰው ነው።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። አራታችሁ ጀምሩ። በሁለት በሁለት ብትገናኙ ለአራት ድርጅት ስድስት መስመር፣ ለአምስት አሥር፣ ለአሥር ደግሞ 45 መስመር ያስፈልጋል። በስዊቹ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ይበቃል። ከዚያ ባንኮቹን፣ የድረ ገጽ አስቀማጮቹን፣ ዩኒቨርሲቲውን አስገቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ የትልቁ ደንበኞች «ጎረቤቴ በ3 ሚሊሰከንድ የሚከፍተው ገጽ ለምን በእኔ ይዘገያል?» ማለት ይጀምራሉ። የጌም ተጫዋቾች ከሁሉም በፊት ይጮኻሉ፤ እነሱን የመሰለ ነፃ መለኪያ የለም። በዚያን ጊዜ ለኩባንያው ትንሽ በር ክፈቱለት። ሁሉንም አድራሻዎቹን እንዲያሳውቅ አትጠይቁት። የቤት ኢንተርኔት ደንበኞቹን ብቻ፣ ወይም ዳታ ሴንተሩን ብቻ ይዞ ይግባ። ከማን ጋር እንደሚለዋወጥም ራሱ ይምረጥ። በመለዋወጫ ላይ መገኘት ከሁሉም ጋር የመለዋወጥ ግዴታ እንደማያመጣ ቀድማችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ይህ አንቀጽ የትልልቆችን ፍርሃት ያረግባል።

ወደ ሕጎቹ ከመጣን፣ ጥቂት ይሁኑ። ማኅበር አቋቁሙ፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ። ብዙ ፖርት የገዛ ብዙ ድምፅ አያገኝም። መለዋወጫው ትራንዚት አይሸጥ፣ ፋይበር አያከራይ፣ ከአባላቱ ጋር አይወዳደር። የስዊቹን አይፒ አድራሻ ከአንዱ አባል አትዋሱ፤ የአፍሪካው አፍሪኒክም ሆነ ሌሎቹ የየአህጉሩ አድራሻ መዝጋቢዎች ለመለዋወጫ ነጥቦች ብለው ለይተው ያስቀመጡት አድራሻ አላቸው። የተዋሳችሁት አድራሻ አንድ ቀን ይጠየቃል፤ ያን ቀን ሁሉም ሰው ራውተሩን እንደገና ሊያስተካክል ነው።

ቴክኒካዊው ሕግ ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ግን ያቺ ገጽ ትከበር። አንድ ፖርት፣ አንድ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የራሱ መለያ ቁጥር)። ከራውተር በቀር ሌላ ነገር አይሰካም። ፕሮክሲ አርፕ፣ ማለትም ራውተር የሌላ መሣሪያ አድራሻ ሲጠራ «እኔ ነኝ» ብሎ የሚመልስበት ቅንብር፣ ይዘጋ። ይህችን የመጨረሻዋን በደም ነው የተማርኳት። አንድ አዲስ አባል ራውተሩን ሲያዘጋጅ የአድራሻውን ማስክ (የመረቡን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር) 24 ማለት ሲገባው 25 ብሎ ጻፈ። ፕሮክሲ አርፕም ክፍት ነበር። ራውተሩ ከስዊቹ አድራሻዎች ግማሹን «እዚህ የሉም፣ ሌላ ቦታ ናቸው» ብሎ አመነ። ስለዚህ አንዱ አባል ሌላውን «የት ነህ?» ብሎ ሲጣራ ይህኛው ቀድሞ «እኔ ነኝ፣ ለእኔ ስጠኝ» ይል ጀመር። የግማሹ አባላት ትራፊክ ወደ አንድ አነስተኛ ድርጅት ራውተር ፈሰሰ። መስመሩ ታነቀ። መብራት ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ሁሉም ፖርት ይሠራል፣ ግን ምንም አይከፈትም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአርፕ ሰንጠረዡን (የትኛው አድራሻ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚያሳየውን) ዓይኔን እያሻሸሁ ስመለከት አንድ ማክ አድራሻ ከ20 በላይ መስመር ላይ ተደጋግሞ አየሁት። ፖርቱን ዘጋሁ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ተመለሰ። ልጁን ማንም አልወቀሰውም፤ ጥፋቱ ሳልፈትሽ ያስገባሁት የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አባል መጀመሪያ ለብቻው በተለየ ቪላን (በስዊቹ ላይ በተከለለ የብቻ መረብ) ላይ ተፈትሾ ነው የሚገባው።

እንዲህ ያለው ነገር በትንንሾቹ ብቻ አይደርስም። በሜይ 13 ቀን 2015 የአምስተርዳሙ አምስ-ኢክስ፣ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ፣ በጥገና ሥራ ላይ በስህተት በተፈጠረ ሉፕ (ፓኬቶች ማለቂያ በሌለው ክብ የሚዞሩበት ሁኔታ) ለደቂቃዎች ተናግቷል።

ገንዘብ ይፈልጋል ወይ ላሉት፣ ከምታስቡት ያነሰ ነው። ባለ 10 ጊጋቢት ፖርቶች አንድ መካከለኛ ስዊች፣ ያው ዓይነት ሁለተኛ መጠባበቂያ፣ ሁለት ተራ ሰርቨሮች። በሰርቨሮቹ ላይ ራውት ሰርቨር ይጫናል፤ እያንዳንዱ አባል ከሁሉም ጋር ለየብቻ ቢጂፒ ከመፍጠር ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ብቻ ያወራል። በርድ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ይሆናል፣ ነፃ ነው። አባላትን፣ ፖርቶችንና ግራፎችን ለማስተዳደር የአየርላንዱ ኢኔክስ የሠራው አይኤክስፒ ማኔጀር አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ገንዘቡን የሚበላው መብራት፣ ኪራይና ሰው ነው። ስለዚህ ከለጋሽ ትልቅ ስዊች ሲመጣላችሁ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት የሚበላውን ኤሌክትሪክና የዓመት የድጋፍ ክፍያውን ጠይቁ። በስጦታ መጥቶ ኃይል ስለሚበላ የተነቀለ መሣሪያ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ፖርት በነፃ ስጡ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ትንሽም ቢሆን አስከፍሉ። ያለ ክፍያ የቆየ መለዋወጫ መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚያነሳለት አያገኝም።

አሁን ሰው የሚረሳው ነገር። ስዊቹ ተተክሎ፣ አራታችሁ ተገናኝታችሁ፣ ግራፉን ስትከፍቱት ሊያሳዝናችሁ ይችላል። ትራፊኩ ጭል ጭል ነው የሚለው። ምክንያቱም የደንበኞቻችሁ አብዛኛው ፍላጎት ውጭ አገር ነው ያለው፤ ቪዲዮው፣ የማኅበራዊ ሚዲያው ፎቶ፣ የስልክ ማዘመኛው። የአገር ውስጥ ጋዜጣ እንኳ ድረ ገጹን ያስቀመጠው ባሕር ማዶ ነው፣ እዚያ ርካሽ ስለሆነ። መለዋወጫው መንገድ ነው እንጂ ገበያ አይደለም።

ገበያውን የሚያመጡት ካሾች ናቸው። ጉግል፣ ኔትፍሊክስ፣ አካማይ፣ ክላውድፍሌርና መሰሎቻቸው ሰው ደጋግሞ የሚያየውን ነገር ቅጂ አገር ውስጥ በሚቀመጥ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣሉ። ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ብቻ አያመጡትም፤ ተጠቃሚው ይበዛላቸው ዘንድ ይፈልጋሉ። የአራታችሁ ደንበኛ ተደምሮ ሲታይ ግን ወሬው ይቀየራል። እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይጠብቃችኋል፦ ካሹ ራሱ የሚሞላው ከውጭ በሚመጣ ትራፊክ ነው። ያን ማን ይክፈል? ካሹ ከመምጣቱ በፊት ተስማሙበት። ከመጣ በኋላ ከሆነ ጠብ ነው።

ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ምን እንደሚሆን ኬንያና ናይጄሪያ ያሳያሉ። በ2012 በሁለቱም አገር በአገር ውስጥ የሚገኘው ትራፊክ 30 በመቶ ገደማ ነበር። በ2020 ወደ 70 በመቶ ደረሰ። የኬንያው ኪክስፕ ጫፍ ከ1 ጊጋቢት ወደ 19 ጊጋቢት፣ የናይጄሪያው ከ300 ሜጋቢት ወደ 125 ጊጋቢት አደገ። ልብ ይበሉ፣ ኪክስፕ 1 ጊጋቢት ላይ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በስድስት ወር ውጤት ለሚጠይቅ አለቃ ይህን ያሳዩት።

አንድ ነገር ደግሞ ከልምድ ላንሳ። ብዙ ሰው «ባሕር ውስጥ ያለው ኬብል ቢቆረጥ የአገር ውስጡ ይሠራል» ብሎ መለዋወጫውን ይሸጣል። ግማሽ እውነት ነው። በማርች 14 ቀን 2024 ከአቢጃን ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ ዋክስ፣ ሜይንዋን፣ ኤስ እና ሳት-3 የተባሉት አራት ኬብሎች በአንድ ቀን ተበላሹ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተንገዳገደ። እንዲህ ያለ ቀን የአገር ውስጥ መንገድ ያለው አገር ይተርፋል፤ ግን ዲኤንኤሱም አገር ውስጥ ካለ ብቻ ነው። የባንኩ ሰርቨር ከእርስዎ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ፣ የባንኩን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ፣ ስልኩ ባንኩን አያገኘውም። መንገዱ ክፍት ነው፣ የቤቱን ቁጥር የሚነግር ሰው ግን የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል የአገሪቱን ዶሜን የሚያስተዳድረው አካል ይኑር። የሩት ሰርቨር፣ ማለትም የዲኤንኤስ ሥርዓቱ መነሻ የሆነው ሰርቨር፣ ቅጂም ጠይቁ። ሩት ሰርቨሮች በስም 13 ናቸው፤ ቅጂዎቻቸው ግን በዓለም ላይ ከ1,500 በላይ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም መለዋወጫ ላይ ይቀመጣሉ። አስተዳዳሪዎቻቸው የሚጠይቁት ቦታ፣ መብራትና መስመር ነው፤ አንዳንዶቹ ሰርቨሩንም እናንተ እንድታቀርቡ ይጠይቃሉ።

በዚህ ሳምንት ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ከእርስዎ መረብ ወደ ሌሎቹ አራት ኩባንያዎች፣ ወደ ሁለት ባንኮችና ወደ ዩኒቨርሲቲው ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝር ትእዛዝ) ያድርጉ። ውጤቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያትሙት። ባሕር ማዶ ያሉትን ራውተሮች በቀይ ያስምሩባቸው። ከዚያ ለሦስቱ አነስተኛ ኩባንያዎች መሐንዲሶች ይደውሉ፤ ለሥራ አስኪያጆቹ አይደለም፣ ለመሐንዲሶቹ። ቡና ጋብዟቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያኑሩትና «ማን ጋ ትርፍ ስዊች አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ጋ አይጠፋም።